የሰውን ሐሳብና ኪስ ለማወቅ የትኛው ሰርቬይ ይሻላል? ለመሃል አዲስ አበባ የተዘጋጀ ንጽጽር

ካዛንቺስ አካባቢ ካፌ ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። ወይም የኤፍኤም ፕሮግራም አላችሁ፣ ስፖንሰሩ "አድማጫችሁ ማነው? ስንት ነው?" ብሎ ይዟችኋል። ወይም ማኅበር ውስጥ ትሠራላችሁ፣ አለቃችሁ ሕዝቡ ስለ ኑሮ ውድነት የሚለውን በቁጥር አምጡ ብለዋል። ከዚህ በኋላ ምክር በሽ ነው። አንዱ ቴሌግራም ላይ ፖል ልቀቁና ገላገሉ ይላል። ሌላው ሜክሲኮ ቁሙና አላፊ አግዳሚውን ጠይቁ ይላል። ሦስተኛው አማካሪ ድርጅት ካልቀጠራችሁ አይሆንም ባይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታዲያ እሱ ራሱ የሚያውቀው አማካሪ ድርጅት አለ።

ስድስት መንገዶችን ላወዳድር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መስፈርቱ ይቅደም

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ዋጋን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት "በዚህ መንገድ ብጠይቅ ማን ይቀርብኛል?" የሚለው ነው። ማንንም የማያስቀር ዘዴ የለም። ቴሌግራም ስማርት ስልክ የሌላቸውን ያስቀራል። በሥራ ቀን ቤት ለቤት መሄድ ሠራተኛውን ያስቀራል። ስታዲየም ጋ መቆም ከቤት ብዙ የማይወጡትን አዛውንቶች ያስቀራል። የሚቀረው ሰው እናንተ የማትፈልጉት ዓይነት ከሆነ ምንም አይደል። የምትፈልጉት እሱን ከሆነ ግን ሺህ ሰው ብትጠይቁም ከንቱ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ሰው በዚያ መንገድ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ዘዴው ስንት ጥያቄ ይችላል? መንገድ ላይ ያቆማችሁት ሰው አምስት ጥያቄ ከመለሰላችሁ አመስግኑት፤ ቤቱ ያስገባችሁ ግን አንድ ሰዓት ሊታገሳችሁ ይችላል። ከዚያ ፍጥነት ይመጣል፣ ቀጥሎ ብር።

የናሙና ብዛትን፣ ማለትም የሚጠየቀውን ሰው ቁጥር፣ መስፈርት ያላደረግኩት በምክንያት ነው። በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ካሏችሁ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤታችሁ ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ወደላይም ወደታችም። 1000 ሰው 3 በመቶ ያደርገዋል። 2400 ሰው 2 በመቶ። ልብ በሉ፣ ከ400 ወደ 1000 ስትሄዱ ወጪው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ የምታተርፉት ግን ሁለት በመቶ ናት። ሌላም አለ። ከ400ዎቹ ውስጥ የአራዳ ነዋሪዎች 80 ብቻ ከሆኑ፣ ስለ አራዳ ለይታችሁ የምትናገሩት ቁጥር ህዳጉ 11 በመቶ ይሆናል። "በአራዳ 52 በመቶ፣ በቂርቆስ 47 በመቶ" የሚል ሪፖርት ስታዩ በየክፍለ ከተማው ስንት ሰው እንደተጠየቀ ሳታዩ አትመኑ። ይህ ሁሉ ስሌት ደግሞ የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ነው።

1. ተሠርቶ የተቀመጠውን ማንበብ

ይሄ ነጻ ነው፣ ግን ማንም አያስታውሰውም። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር ኢትዮጵያ ውስጥ በ2013፣ በ2020 እና በ2023 ጠይቋል፤ 2400 አዋቂዎችን፣ ፊት ለፊት፣ በየራሳቸው ቋንቋ። የአገሪቱ አቅጣጫ፣ የግል ኑሮ፣ ዜና ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከጋዜጣ ወይስ ከማኅበራዊ ሚዲያ በምን ያህል ጊዜ ታገኛላችሁ የሚለው ሁሉ አለበት። ለገንዘብ ጉዳይ የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ አለ። አካውንት ያላቸው አዋቂ ኢትዮጵያውያን በ2014 22 በመቶ፣ በ2017 35 በመቶ፣ በ2022 46 በመቶ እንደሆኑ የምናውቀው ከእሱ ነው። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ ከ10 ሴቶች 7 ያህሉ ጋዜጣም፣ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም በሳምንት አንዴ እንኳ እንደማይደርሳቸው አሳይቷል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአገር ቁጥር ስለ አራት ኪሎ ብዙ አይነግራችሁም። ናሙናው በሕዝብ ብዛት ልክ ሲከፋፈል ለአዲስ አበባ የሚደርሳት ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ይሻግታል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ከዚያ በፊት ስለ ኑሮ የተሰጠ መልስ ለታሪክ ካልሆነ በቀር ለዛሬ ውሳኔ አይበቃም። ለመነሻ ግን ወደር የለውም። በተለይ ጥያቄዎቹን ኮርጁ። ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸው የተፈተኑ ጥያቄዎች ናቸው፣ የራሳችሁን ውጤት ከእነሱ ጋር ለማወዳደርም ይመቻችኋል።

2. ቤት ለቤት

በባህሉ ይሄ ንጉሥ ነው። መጠይቁ ረጅም መሆን ይችላል፣ ያልገባውን ማስረዳት ይቻላል፣ ማንበብ የማይችለው ሰው አይቀርም። መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በጣም ከብዷል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው። በዚያ ካርታ ፒያሳን ወይም ካዛንቺስን ልታዳርሱ ብትወጡ፣ ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የፈረሰ ሰፈር ፊት ለፊት ትቆማላችሁ። ነዋሪው ተነስቷል፣ ቤቱ የለም፣ በቦታው ሌላ ነገር ተሠርቷል። ስለዚህ ቤቶቹን አዲስ መዝግቡ፣ ከመዝገቡ ዕጣ አውጡ። ይህን ሥራ በጀቱ ውስጥ ያላካተተ አማካሪ ስለ መሃል ከተማ አያውቅም ማለት ነው።

ቀጥሎ ጥበቃው አለ። የቀበሌ ቤት በር ማንኳኳት ቀላል ነው፣ አፓርታማ ግን ዘበኛው አያስገባም። ውጤቱ ይገባችኋል፤ ደህና ገቢ ያለው ሰው ከናሙናችሁ ይወጣና ከተማው ከእውነታው ይልቅ ደሃ መስሎ ይታያል። ከወረዳ የትብብር ደብዳቤ ካልያዛችሁ ሥራው ይጓተታል፣ ከያዛችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደብዳቤውን ያየ ሰው "ለቤት ምዝገባ ነው? ለእርዳታ ነው?" ብሎ ያስባል፣ መልሱንም በዚያው ይቃኘዋል። አፍሮባሮሜትሮች ለዚህ አሪፍ ዘዴ አላቸው። መጨረሻ ላይ "እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?" ብለው ይጠይቃሉ። መንግሥት ነው ያሉት ሰዎች የሰጡትን መልስ ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንዲት ጥያቄ ናት፣ ምንም አታስወጣም፣ እናንተም ጨምሯት።

ከአንድ ቤት ማን ይጠየቅ የሚለውም በዕጣ ይሁን። በሩን የከፈተውን መጠየቅ የሚቀናው ጠያቂ ጡረተኛና የቤት ሠራተኛ ብቻ ሰብስቦ ይመለሳል። ቅዳሜና እሁድ መሄድ፣ ማታ መሄድ፣ ያልተገኘውን ሰው ተመልሶ መፈለግ የግድ ነው።

3. ስልክ

ኮቪድ ሲመጣ የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በስልክ ይጠይቅ ነበር፣ በመጀመሪያው ዙር 3249 ቤተሰቦችን አግኝቷል። የተሳካለት ቁጥሮቹን ከሜዳ ስላላመጣቸው ነው። በ2018/19 ፊት ለፊት ከተጠየቁ ቤተሰቦች ዝርዝር ነው የደወለው። ስልክ የሌለው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ውጤቱን በስሌት ማስተካከል ችሏል።

እናንተ እንዲህ ያለ ዝርዝር ካላችሁ፣ የደንበኛም ሆነ የአባል፣ ስልክን የሚያክል ነገር የለም። ከሌላችሁ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር በዕጣ እየፈጠራችሁ መደወል ነው። ያኔ የሚያነሳው ሰው ልደታ ይሁን ጅማ አታውቁም፣ መጠየቅ አለባችሁ። ሁለት ሲም የያዘ ሰው ሁለት ዕድል አለው፣ ይህንንም ጠይቁና አስተካክሉ። በ0911 ብቻ መደወል ደግሞ ሞባይል ቀድሞ የያዘውን ትውልድ ብቻ ማነጋገር ነው።

ትልቁ ፈተና የማያውቁት ቁጥር ነው። "ሎተሪ ደርሶዎታል" በሚሉ አጭበርባሪዎች የተማረረ ሰው አያነሳም፣ ቢያነሳም ይዘጋል። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፒው የምርምር ማዕከል ከደወለላቸው ቤቶች የሚመልሱት በ1997 36 በመቶ ነበሩ፣ በ2018 6 በመቶ ደረሱ። ከመደወላችሁ በፊት ማን እንደሆናችሁ የሚያሳውቅ አጭር መልእክት ላኩ። ካላነሳ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ሞክሩ። ከ15 ደቂቃ አትለፉ። ሲጨርስ ካርድ ሙሉለት። ስታናግሩት የት እንዳለም ጠይቁት፤ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ያለ ሰው ስለ ደሞዙ እውነቱን አይነግራችሁም።

4. መንገድ ላይ ማቆም

አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለአንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ቦታ ስለሚያልፉ ሰዎች ለማወቅ። ካፌ ለሚከፍት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ ደንበኛው አላፊ አግዳሚው ነዋ። "የአዲስ አበባ ሕዝብ" ብላችሁ ከጻፋችሁበት ግን አበላሻችሁት። ጠያቂው ደስ ያለውን ሰው አይምረጥ፣ በየአሥረኛው ይቁጠር። ጠያቂን ነጻ ከለቀቃችሁት የዕድሜ እኩዮቹን፣ ፈገግ ያሉትንና ያልቸኮሉትን ብቻ ይዞ ይመጣል። ጠዋትም፣ ምሳ ሰዓትም፣ ማታም፣ በሥራ ቀንም፣ እሁድም ይሁን። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ምን እየሠራችሁ ነው ማለቱ ስለማይቀር ወረቀታችሁን ያዙ።

5. ቴሌግራምና የኦንላይን ፎርም

ከፈጣኖቹ ሁሉ ፈጣኑ። ለገዛ ደንበኞቻችሁ፣ ለሠራተኞቻችሁ፣ ለተማሪዎቻችሁ ተጠቀሙበት። ለሕዝብ አስተያየት ግን በግሌ አልቀበለውም። 20 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ ሲባል ዓይን ይሞላል። የመለሰው ግን ያንን ቻናል የሚከታተል፣ ጉዳዩ ያናደደው ወይም ያስደሰተው፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ ያወጣው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ስልክና መኪና የባለጸጋ ነበሩ።

ፎርም ከተጠቀማችሁ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። "ዜና በስንት ሰዓት ያያሉ?" ብላችሁ 20:00 የሚል ምርጫ ካስቀመጣችሁ ሰው ይደናገራል። "ማታ 2 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉ።

6. የቡድን ውይይት

ከስድስት እስከ አሥር ሰው አንድ ላይ ቁጭ አድርጎ ማወያየት ነው። መቶኛ አይወጣበትም፣ "60 በመቶው ተወያዮች" ብሎ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ ሪፖርቱን መልሱለት። ጥቅሙ ከመጠይቁ በፊት ነው። ሰው ነገሩን በምን ቃል እንደሚጠራው፣ ምን እንደሚያሳፍረው ትሰማላችሁ።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ማን ይቀራል | እውነት ይነገርበታል? | ስንት ጥያቄ ይችላል | ፍጥነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ያለውን ዳታ ማንበብ | የእናንተ ሰፈር ለብቻው አይታይም | እንደ ጥናቱ | ያለው ያው ነው | ወዲያው | ነጻ |
| ቤት ለቤት | አፓርታማ ነዋሪ፣ ቀን የሚሠራ ሰው | ጥሩ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ካልሰማ | ብዙ | ዘገምተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ |
| ስልክ | ስልክ የሌለው፣ የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳ | መካከለኛ፣ ብቻውን ከሆነ ጥሩ | እስከ 15 ደቂቃ | ፈጣን | መካከለኛ |
| መንገድ ላይ | በዚያ የማያልፍ ሁሉ | ለቀላል ጥያቄ ብቻ | አምስት ገደማ | ፈጣን | ዝቅተኛ |
| ቴሌግራምና ፎርም | ኢንተርኔት የሌለው፣ ቻናሉን የማያውቅ | ስም ካልተጠየቀ ጥሩ | ጥቂት | በጣም ፈጣን | እጅግ ዝቅተኛ |
| የቡድን ውይይት | ዝምተኛው | ስለ ገንዘብ ደካማ | ጥልቅ እንጂ ብዙ አይደለም | መካከለኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ዘዴው ልክ ሆኖ ጥያቄው ሲያበላሽ

"ኑሮ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ተመስገን" ይላችኋል። ሙስሊሙም "አልሃምዱሊላህ" ይላል። ቤቱ ውስጥ ዘይት ያለቀበትም፣ ሁለት ፎቅ ያለውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል፣ ምክንያቱም ምስጋና ወግ ነው እንጂ የኪስ ሪፖርት አይደለም። አፍሮባሮሜትር ይህን የሚያልፈው በተጨባጭ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ በቂ ምግብ፣ ንጹህ ውሃ፣ ሕክምና፣ ማብሰያ ነዳጅ፣ ጥሬ ገንዘብ ያጣችሁበት ጊዜ ነበር? ስንት ጊዜ? ለዚህ ሰው እውነተኛ መልስ አለው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሸማቾችን ከዓመት በፊት ከነበራችሁበት ይሻላችኋል ወይስ ብሷል እያለ ይጠይቃል። ማወዳደሪያ ያለው ጥያቄ እኛም ጋ ይሠራል። "ካለፈው ፋሲካ ጋር ሲተያይ" ማለት "ባለፉት 12 ወራት" ከማለት ይልቅ ይታወሳል፣ ለሙስሊሙ ዒድ ብሎ መለወጥ ብቻ ነው።

ስለ ቁጠባ ስትጠይቁ "ባንክ ቆጥበው ያውቃሉ?" ብቻ ካላችሁ ዕቁቡን ሳታዩት አለፋችሁ። ዕቁብ፣ ዕድር፣ ባንክ፣ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ እያላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። ቴሌብር ከግንቦት 2021፣ ኤምፔሳ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ነው እዚህ የገቡት፤ ከዚያ የቆየ መጠይቅ የምትገለብጡ ከሆነ ይህ ክፍል እንደሌለው አስታውሱ። ገቢን በቀጥታ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም። ደሞዝተኛው ሊነግራችሁ ይችላል፣ ነጋዴው ግን ግብር ሰብሳቢ ያስታውሰዋል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሳምንት አስቤዛ ብሎ በወጪ በኩል መግባት ይሻላል። አስቤዛውንስ ማን ነው የሚገዛው? እሷን ጠይቁ። አባወራው ሽንኩርት ስንት እንደገባ የሚያውቀው ከወሬ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በዐቢይ ጾም ስለ ሥጋ ፍጆታ የሚጠይቅ መጠይቅ ምን ያገኛል? መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ወጪ ሁሉንም ነገር ይውጠዋል፣ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሀብታም ይመስላል፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ይደኸያል። የዓመት ንጽጽር የምትሠሩ ከሆነ በያመቱ በተመሳሳይ የጾምና የበዓል ወቅት ጠይቁ።

የሚዲያ ልማድ ላይ "ቴሌቪዥን ያያሉ?" የሚለው ምንም አይነግራችሁም። ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውል ቴሌቪዥን የሚያየው ላይኖር ይችላል። ትናንትን ጠይቁ፤ ትናንት ማታ ምን አዩ? የት ሆነው? ማን መርጦት? ሬዲዮም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሰው ሬዲዮ የለኝም ይልና በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ የከፈተውን ይሰማል። ጋዜጣን ከሽያጭ ቁጥር ለመገመት የምትሞክሩም ተጠንቀቁ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ለዓመታት የታወቀ ነገር ነው፣ አንድ ቅጂ ስንት እጅ እንደሚዞር ሽያጩ አይነግራችሁም።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ብር የለኝም ለሚል፦ መጀመሪያ የአፍሮባሮሜትርንና የፊንዴክስን ውጤት አንብቡ፣ ከዚያ በገዛ ቻናላችሁ ወይም በደንበኛ ዝርዝራችሁ ላይ አጭር ፎርም ላኩ። ስትጽፉ "ደንበኞቻችን" በሉ፣ "ሕዝቡ" አትበሉ።

ካፌ፣ ሱቅ፣ ሳሎን ለሚከፍት፦ ቦታው ላይ ቁሙ፣ በተለያየ ሰዓትና ቀን። ሌላ ወጪ አያስፈልጋችሁም።

ለሬዲዮና ለሚዲያ ሰው፦ ስልክ፣ ስለ ትናንት ብቻ የሚጠይቅ። ስፖንሰሩን የሚያሳምነው 400 በዕጣ የተደወለለት ሰው ነው። የፌስቡክ ገጻችሁ ላይክ አድማጭ አይቆጥርም።

ለማኅበርና ለፖሊሲ ሰው መካከለኛ በጀት ካለ፦ ሁለት የቡድን ውይይት ቃላቱን ለመያዝ፣ ከዚያ ስልክ፣ ስልክ የማይደርስባቸውን ደግሞ በጥቂት ሰፈሮች ፊት ለፊት። እንደ እኔ ከሆነ ለመሃል አዲስ አበባ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ቅልቅል ነው።

በጀት ሞልቶ የተረፈው፦ ቤት ለቤት፣ በአዲስ የቤቶች ምዝገባ። እዚህ ላይ ገንዘቡ የሚባክነው ቁጥጥር ከሌለ ነው። ካፌ ተቀምጦ መጠይቅ የሚሞላ ዳታ ሰብሳቢ አዲስ ነገር አይደለም። ኮቦቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የተባሉትን የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያዎች በታብሌት ተጠቀሙ፣ የቃለ መጠይቁ ቦታና ሰዓት ይመዝገብ፣ ሱፐርቫይዘሩ ከየጠያቂው ጥቂት መላሾችን መልሶ ይደውልላቸው።

አማካሪ ስትቀጥሩ ከመፈረማችሁ በፊት ሰዎቹን ከየትኛው ዝርዝር እንደሚመርጥ፣ እምቢ ያሉትን እንደሚቆጥር፣ ጥሬ ዳታውን እንደሚያስረክባችሁ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ስምና ስልክ ከመልሱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ያለ ፈቃድ የሰው መረጃ መሰብሰብን ቀልድ አላደረገውም። መጠይቁን ደግሞ ከማሰማራታችሁ በፊት ሰፈር ውስጥ በአሥርና በሃያ ሰው ላይ ሞክሩት፣ ጠያቂው ራሱ እየተደናቀፈ የሚያነበውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ አውጡና እንደገና ጻፉት።